ስልሳ ሜትር ወይን ጠጅ

የፋርማሲስቱን እናት የሰርጉን ቀለም መምረጥ ሦስት ወር ፈጀባቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ጡረታው ግን ከቢሮው እንጂ ከዳይሬክተርነቱ አላወጣቸውም። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ዳይሬክተሯ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሰፈሩን እንደ አንድ ትልቅ ክፍል ያዩታል። ከማቅለሚያ ቤቱ የሚላክላቸውን ቁራጭ ጨርቅ ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው እንደ ፈተና ወረቀት ያርሙት ነበር። አረንጓዴው «የሆስፒታል ግድግዳ»፣ ቢጫው «ጩኸት»፣ ሰማያዊው «የተማሪ ዩኒፎርም» እየተባለ ወደቀ። ሃያ ሰባት ቀለም ወድቆ ሃያ ስምንተኛው አለፈ፤ ወይን ጠጅ፣ ከክሬም ጋር።

ሙሽራው፣ ልጃቸው ፋርማሲስቱ፣ በሃያ ስምንቱም ላይ ሐሳቡን ተጠይቆ ነበር። ሃያ ስምንት ጊዜ «ጥሩ ነው» አለ።

ያንን ወይን ጠጅ የነከረችው ሙሽራይቱ ራሷ ናት። ከአክስቷ ጋር በሚሠሩበት ማቅለሚያ ቤት «ዓይናማ» ይሏታል። መልኳን ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰው አንድ ነው የሚለውን ቀይ እሷ ሦስት ቦታ ትከፍለዋለችና ነው። እጇ ግን እስከ አንጓዋ ድረስ ሁልጊዜ የትናንቱን ቀለም ይዞ ይውላል፤ ሳሙናም ሎሚም አይመልሰውም። ዳይሬክተሯ ስለ እሷ መጀመሪያ የሰሙ ቀን «ጣቷ የማይጠራ ልጅ ቤቴ አትገባም» ብለው ነበር። ዓመት ሙሉ አኮረፉ። ሲበቃቸው ደግሞ ይቅርታ አልጠየቁም፣ አልሳሙም፣ አላቀፉም፤ የሰርጉን ጨርቅ በሙሉ እነ ዓይናማ እንዲነክሩት አዘዙ። መጀመሪያ የስድስት ሚዜዎች ቀሚስና የሙሽራው ክራባት፣ ቀጥሎ ለጠረጴዛና ለአዳራሹ ግድግዳ የሚሆን ስልሳ ሜትር።

ዓይናማ ትእዛዙን እንደ እርቅ ቆጠረችው። ስለዚህም ያንን ጨርቅ ከበርሜሉ ስታወጣ የምታወጣው ጨርቅ ብቻ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።

ሰርጉ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ፋርማሲስቱ ስልሳውን ሜትር በታክሲ ጭኖ መለሰው።

«ምነው? ጠረጴዛ አነሰባችሁ እንዴ?» አለችው እየሳቀች።

አልሳቀም። ጥቅሉን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር።

«እናቴ ቀለሙ አይደለም አለች።»

«የቱ ቀለም?»

«ይሄ። ዝገት ነው አለች። ከሚዜዎቹ ቀሚስ ጋር አይገጥምም፣ ከናሙናውም ጋር አይገጥምም። ደግሞ…»

«ጨርስ።»

«ርካሽ ቀለም ቀላቅለው ሊያታልሉኝ ነው አለች።»

አክስቷ ከበርሜሉ ላይ ቀና አለች፤ ማማሰያዋ እየተንጠባጠበ ነው። «ርካሽ! እኔን! አንተ ልጅ፣ እናትህ የሚያስተምሩበት ጥቁር ሰሌዳ ግራጫ ሆኖ ሳለ እኔ እዚህ ቤት ጥቁር እነክር ነበር!»

«አክስቴ፣ ተይው» አለች ዓይናማ። ናሙናዋን ከእጁ ተቀብላ ጨርቁን በክንዷ ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች።

በዚህ ቤት ቀለም የሚታየው በዚያ መስኮት ብቻ ነው። ሰፊ ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም፤ መስታወቱን አክስቷ ራሷ በየጠዋቱ ትወለውለዋለች። መብራት ግን በእሷ ዘንድ የሐሰት ምስክር ነው። አምፖል ሥር ቀለም ሲያመሳስል የተገኘ ሠራተኛ የዕለቱን ሥራ ከመጀመሪያው ይደግማል። ዓይናማ በዚህ ሕግ አድጋለች፤ አንድም ቀን ጥሳው አታውቅም።

ናሙናውን ጨርቁ ላይ አኖረችው። ቁራጩ ጠፋ። ጠርዙን በጣት ካልዳበሱት በቀር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይለይም።

«እየው። አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?»

ጎንበስ ብሎ አየ። ራቅ ብሎ አየ። «አንድ ናቸው።»

«እናትህ ዘንድስ?»

«እዚያ ሁለት ነበሩ። በዓይኔ ነው ያየሁት።» ከዚያ ከልጅነቱ ጀምሮ በሁለት ሰዎች መካከል ሲቆም የሚናገረውን ነገር ተናገረ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።»

ዓይናማ ጨርቁን ቀስ ብላ አጠፈችው። ድምፅዋ ሲወጣ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለው ነበር።

«አንድ ጨርቅ ነው። እኔ አንድ ነው እላለሁ፣ እሳቸው ሁለት ነው ይላሉ። አንዳችን ዋሽተናል። አንተ የምታገባው የቷን እንደሆነ ማወቅ አለብህ፣ ውሸታሟን ወይስ የውሸታሟን ልጅ አለመሆንህን…» ቃሉ ተምታታባትና ተወችው። «ሃያ ዘጠነኛው ‹ጥሩ ነው› ይሄ መሆኑ ነው?»

«እንደሱ አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

ዓይኖቹ ከእሷ ወደ ጨርቁ፣ ከጨርቁ ወደ እሷ ሄዱ። አንድ ጊዜ እንኳ «አምንሻለሁ» ቢላት ስልሳውን ሜትር ከነበርሜሉ ትረሳው ነበር።

«ለእናትህ ንገራቸው» አለች። «ሰርጉ ቀርቷል በላቸው።»

አክስቷ ማማሰያውን በርሜሉ ውስጥ ለቀቀችው። ፋርማሲስቱ ናሙናዋን መልሶ ኪሱ ከተተ። በመጨረሻ «ከጨርቁም መዳፍ የምታህል ልቁረጥ?» ሲል ጠየቀ። ዓይናማ ጀርባዋን ሰጥታ «ከፈለግህ ሁሉንም ውሰደው» አለችው። የመቀሱን ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎ የእግሩን፣ ቀጥሎ የበሩን። ጥግ ላይ የምትፈላው ውሃ ብቻ ቀረች። ዓይናማ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፤ ያን ያህል ብርሃን እያለ ምንም አልታያት አለ።

ሦስት ቀን ሠራች። እንደ ልማዷ አልሠራችም፤ እንደ ሁለት ሰው ሠራች። አክስቷ በሦስተኛው ቀን «እባክሽ አልቅሺና ይውጣልሽ፤ ሠራተኛ ሁሉ አንቺን እያየ ምሳ መብላት ተወ» አለቻት።

«አላለቅስም። ልክ ነኝ።»

«ልክ መሆንሽን ማን ጠየቀሽ?»

የፋርማሲስቱ ደብዳቤ የደረሰው በዚያው ቀን ከቀትር በፊት ነው። እንደ ወትሮው በትንሿ የመድኃኒት ፖስታ ላይ ተጽፏል። ከተዋወቁ ጀምሮ የሚጽፍላት በእነዚያ ነው፤ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ከሚሉት የታተሙ ቃላት ፊት ለፊት «አስቢኝ»፣ «ደግሞ አስቢኝ»፣ «ከምግብ በኋላም ቢሆን አስቢኝ» እያለ። መሳቢያዋ በእነሱ ተሞልቷል። የዛሬዎቹ አራት ፖስታዎች ግን ጀርባቸው ላይ ብቻ ነው የተጻፈባቸው፤ ቁጥርም ተሰጥቷቸዋል።

«ዓይናማዬ፤

ስለ ፍቅር አልጽፍም፤ አሁን መብት የለኝም። ያየሁትን ብቻ ልጻፍልሽ። ናሙናውንና የቆረጥኩትን ጨርቅ ጎን ለጎን አድርጌ ስምንት ጊዜ አየኋቸው። ሳሎን፣ መብራት ሥር፤ ሁለት ቀለም። በረንዳ ላይ፤ አንድ። መድኃኒት ቤቱ ጓዳ፣ አምፖል ሥር፤ ሁለት። ደጃፉ ላይ፤ አንድ። ቀሪውን አራት ጊዜ ያየሁት ራሴን ስላላመንኩት ነው፤ ውጤቱ አልተለወጠም። እናቴ ፀሐይ ሶፋውን ያደበዝዛል ብላ መጋረጃ እንደማትከፍት፣ ሳሎናችን በቀትርም በመብራት እንደሚውል ታውቂያለሽ። የሰርጉ አዳራሽም መስኮት የለውም፤ ጥሪውም ለምሽት ነው።

‹ሁለታችሁም ልክ ናችሁ› ያልኩሽ ግን ይህን አውቄ አይደለም። ልሸሽ ብዬ ነው። እውነት ሆኖ መገኘቱ አያኮራኝም። በዚያች ደቂቃ ከጎንሽ መቆም ነበረብኝ፤ አልቆምኩም። ይህንን በስምንት ቦታ ባየው አንድ ነው።»

ዓይናማ መጀመሪያ ተናደደች። መድኃኒት ቆጣሪ ስለ ቀለም ሊያስተምራት! ከዚያ ደብዳቤውን ሁለተኛ አነበበችው። ከዚያ ጨርቁንና አንድ ተራፊ ናሙና ይዛ መስኮት ወደሌለው ዕቃ ቤት ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ አምፖሉን አበራች።

ናሙናው ወይን ጠጅ እንደሆነ ነው። ስልሳው ሜትር ግን ዝናብ ሲመታው የኖረ ብረት መስሏል።

ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ምን እንደሆነ ገባት። ናሙናውና የሚዜዎቹ ቀሚስ የተነከሩበት የቀለም ዱቄት አልቆ ነበር። ስልሳውን ሜትር የነከረችው ሌሎች ሁለት ዱቄቶችን ቀላቅላ፣ በመስኮቱ ብርሃን በሦስተኛ ሙከራዋ ቁርጥ ያንን ቀለም አምጥታ ነው። ያን ቀን በራሷ እንዴት ኮርታ ነበር! ከኩራቷ ብዛት ዱቄቱ መለወጡን ለማንም አልተናገረችም። በቀን ብርሃን አንድ የሚመስል ሌላ ቅልቅል መብራት ሥር ሊለያይ ይችላል፤ አምፖል ሥር ማየት ግን በዚህ ቤት ማን አስቦት ያውቃል?

«አክስቴ! ነይ እስቲ እዪ!»

አክስቷ ገባች፣ አየች፣ አፏን በመዳፏ ያዘች። «አጥፊው! አጥፊው፣ ዓይኔ ታመመ!» መብራቱ ሲጠፋ፣ በጨለማው ውስጥ፣ በቀሰስተኛ ድምፅ «አንቺ… ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ሳሎን ውስጥ ነው እንዲህ ያለ ጉድ የሰቀልኩት?» አለች።

ዓይናማ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ በሳቋ መሃል ያ ያልወጣላት እንባ መጣ። ሲያበቃ ፊቷን ታጠበች፤ የሥራ ልብሷን ለወጠች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ዳይሬክተሯ ቤት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ሰርጉ ቀርቷል ብለሽ ልከሽባቸው የለም እንዴ? በየትኛው ፊትሽ ነው የምትሄጂው?»

«በዚሁ። ሌላ የለኝም» አለችና ጨርቁን አቅፋ ወጣች። መንገዱን በሙሉ እርምጃዋ አንድም ጊዜ አልዘገየም።

በሩን የከፈቱት ዳይሬክተሯ ራሳቸው ናቸው። «ሙሽራይቱ! ጨርቄን አስተካክለሽ መጣሽ?» አሉ፤ ቁጣቸው እንዳለ ነው፣ «ሙሽራይቱ» ማለታቸውም እንዳለ። ዓይናማ ግራ ተጋባች። ጠረጴዛው ጋ ፋርማሲስቱ ምሳውን ጨርሶ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ፤ ወንበሩ ተንጋለለ። ማንም አላነሣውም። ዓይኖቻቸው ተገናኝተው የተለያዩት ወንበሩ ወለሉን ከመምታቱ በፊት ይሁን በኋላ እሷ አላወቀችም።

ሳሎኑ እንደ ወትሮው በሦስት ወፍራም መጋረጃ ተዘግቷል፤ ጣሪያው ላይ መብራት በርቷል። ዓይናማ የጨርቁን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ናሙናውን ከላይ አኖረች።

«እትዬ፣ አሁን ምን ያያሉ?»

«ያኔ ያየሁትን። ወይን ጠጅና ዝገት።»

«እኔም። አንዱን መጋረጃ ልክፈተው?»

«ያ መጋረጃ እኔ ሳላዝ አይከፈትም።»

«እንግዲያው ይዘዙ።»

ዳይሬክተሯ በዚህ ቤት እንዲህ ተብለው አያውቁም። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት፤ ደፋር ተማሪ ሲገጥማቸው የሚያዩትን አስተያየት። ከዚያ በአገጫቸው ወደ መጋረጃው ጠቆሙ።

ብርሃኑ ገባ። ዓይናማ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ሳበችው። ናሙናው ጠፋ። ወደ መብራቱ መለሰችው፤ ታየ። ዳይሬክተሯ ጨርቁን ከእጇ ተቀበሉ፤ ራሳቸው ወደ መስኮቱ ወሰዱ፣ ራሳቸው መለሱ፣ ደግመው ወሰዱ።

«ምንድን ነው ይሄ? አስማት?»

«ስህተት ነው። የእኔ ስህተት።» የዱቄቱን ነገር ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረቻቸው። «እርስዎ ያዩት ልክ ነበር። ዱቄቱ ሲለወጥ ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ የት ቦታ እንደሚታይም መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማታለል ግን አላሰብንም። ‹ርካሽ› ያሉትን ይመልሱልኝ።»

ዳይሬክተሯ የጨርቁን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«መለስኩ» አሉ ዳይሬክተሯ። ተቀመጡ። «አርባ ዓመት አስተማርኩ። ወላጅ ሳይጎትተው መጥቶ አጥፍቻለሁ ያለኝ ተማሪ የአንድ እጄን ጣት አይሞላም።» ከዚያ ድምፃቸው ወደ ሥራ ተመለሰ። «እሺ። አሁንስ? ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። እንደገና ትነክሪዋለሽ?»

«ዱቄቱ ከወር በፊት አይመጣም።»

«በቃ፣ ነጭ ይሁን። ከሱቅ ያለቀለት ነጭ እናስመጣለን። ነጭ የትም ቢሆን ነጭ ነው፤ ማንም አይጣላበትም።»

ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ዓይናማን ያመማትም ለዚህ ነው። በትህትና፣ ያለ ቁጣ፣ የእጇ ሥራ ከራሷ ሰርግ ሲወጣ ታያት። አልተከራከረችም። ስህተቱ የእሷ ነው፤ የመከራከሪያ ጊዜዋን ራሷ በልታዋለች።

ዳይሬክተሯ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉ፤ ጥያቄው ለወጉ ያህል ነው። መልሱን ሦስቱም ያውቁታል። ዓይናማ ቀና ብላ አየችው። በዓይኗ አልለመነችውም፣ አልጠቆመችውም፤ አየችው ብቻ።

ፋርማሲስቱ ሁለተኛውን መጋረጃ ከፈተ። ሦስተኛውንም ከፈተ። ተመልሶ መብራቱን አጠፋው።

«ጥሩ አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«ነጩ። ጥሩ አይደለም፣ እማዬ። እኔ ወይን ጠጁን ነው የምፈልገው። እሷ የነከረችውን፣ ይሄንኑ።»

«አዳራሹ በመብራት ነው እኮ! ሚዜዎቹ ወይን ጠጅ፣ ጠረጴዛው ዝገት ሊሆን ነው?»

«ከአዳራሹ ኋላ ሰፊ ግቢ አለ፤ ሣር ነው፣ ትልልቅ ዛፎች አሉት። ትናንት ሄጄ አነጋገርኳቸው። የዚያን ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ነፃ ነው፤ ያዙልኝ ብያቸዋለሁ። ቀለም እናንተ ምረጡ፤ እኔ ብርሃኑን መርጫለሁ። ሰርጋችን በቀን ይሆናል።»

«ሳትነግረኝ?»

«አሁን እየነገርኩሽ ነው።»

«የጥሪው ወረቀትስ? ምሽት ተብሎ ታትሞ!»

«ሰዓቱን በእጄ አርሜ አድላለሁ። የሐኪም ጽሑፍ አይደለም፤ የእኔ ይነበባል።»

ድምፁ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ እሱ ግን አልተቀመጠም። ዓይናማ ያንን መንቀጥቀጥ ሰማች። ሳይፈራ ቢናገረው ኖሮ ይህን ያህል ልቧ ውስጥ አይገባም ነበር።

ዳይሬክተሯ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ሁለቱ ባዶው ሳሎን ውስጥ ቀሩ። መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ፤ ቁምሳጥን ተንቋቋ። በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሯ በማንጠልጠያ ላይ ያለ አረንጓዴ ቀሚስ ይዘው ወጡ።

«ይሄ የእኔ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነው። «ማታ ይለበሳል ተብሎ፣ በመብራት ተመርጦ የተሰፋ። ነይ እስቲ ወደ መስኮቱ፤ በቀን ምን ይመስላል?»

ዓይናማ ጨርቁን በቀለማማ ጣቶቿ ያዘችው። ዳይሬክተሯ ጣቶቿን አዩ፤ ቀሚሳቸውን ግን ከእጇ አልሳቡትም።

«እውነቱን ልንገርዎት?»

«ሌላ ምን ልትነግሪኝ ነው የጠራሁሽ?»

«የሆስፒታል ግድግዳ ይመስላል፣ እትዬ።»

ዳይሬክተሯ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው፤ ልጃቸው እንኳ ሰምቶት የማያውቅ፣ ትከሻቸውን የሚያናውጥ ሳቅ። «በይ እንግዲህ ውሰጂና ንከሪልኝ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ምን ቀለም እንደሚሆንም አልጠይቅሽም። ልጄ።» የመጨረሻዋን ቃል ዘግይተው ነው የጨመሯት። ዓይናማ ቀሚሱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

ፋርማሲስቱ እስከ ግቢው በር ሸኛት። እዚያ ስትደርስ ቆመች።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እናትህ ‹ሙሽራይቱ› ብለው ነው የተቀበሉኝ። ሰርጉ ቀርቷል በላቸው ብዬህ አልነበር?»

«ብለሽኝ ነበር።»

«እና?»

«አልነገርኳትም።»

«ፈርተህ?»

«አይ። እምቢ ብዬ።» መሬት መሬት አላየም። «ታክሲው ውስጥ ሆኜ ‹ይሄን መልእክት አላደርስም› አልኩ። ተናደጂ፣ ጥዪኝ፣ አላደርስም። በሕይወቴ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ያውም ላንቺ።»

ልትቆጣ ፈለገች፤ ቃሏን ማክበር ነበረበት። ግን ሦስት ቀን ሙሉ፣ እሷ ሁሉ ነገር አልቋል ብላ በርሜል ስታማስል፣ እሱ ሰርጋቸውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ሲዞር በዓይነ ኅሊናዋ መጣባት። ቁጣዋ ወደ መጣበት ተመለሰ።

«ሌላስ እምቢ የምትለኝ ነገር አለ?» አለችው።

«አለ። ዛሬ ብቻሽን አትሄጂም።»

«መድኃኒት ቤቱን መክፈቻህ ደርሷል።»

«ይጠብቁ።»

እጇን ያዘ። የመንገዱ ሰው ይተላለፋል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ አየቻቸው። ባለ ንስር ዓይኗ ልጅ ግን እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ከዚያ ሁሉ አንዱንም አላየችም፤ ማየትም አላስፈለጋትም።